የወልደ ሰንበት ድንጋይ

አክስቴ በለጥሻቸው የበደለችኝ በእናቴ የቀብር ቀን ነው፤ ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ የባቄላውን እሸት ባደረቀበት ዓመት። ዓመተ ምሕረቱን ያወቀ ያውቀዋል። አስከሬኑ ከአንኮበሩ ቤታችን ወጥቶ፣ ፍትሐቱ አልቆ፣ ቆፋሪዎቹ በአባቴ መቃብርና በወልደ ሰንበት ድንጋይ መካከል አካፋቸውን ሲያነሱ፣ አክስቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከሴቶቹ መሐል ወጣችና «እዚያ አይደለም!» አለች። «ከአጥንቷ እዚህ ያረፈ ማን አለ? ይህ የአያቶቻችን ቦታ ነው። ወደ ታች ውረዱ።» ወደ ታች ማለት የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነው፤ መንገደኛ፣ ለማኝ፣ ዘመድ የሌለው የሚቀበርበት። ቆፋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ወረዱ። እኔም አስከሬኑን ተከትዬ ወረድኩ። አባቴ ቀድሟት ስለ ሞተ የሚከራከርላት አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩና በሰው ፊት ለአክስቴ የምመልስበት አፍ አልነበረኝም።

ስም ያወጡላት ሰዎች ምን እንዳዩባት አላውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ግን ስሟን ስትሠራበት ኖራለች። የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። እታለም እላት ነበር፤ ከዚያም ቀን በኋላ እታለም ማለቴን አልተውኩም፤ መጠሪያ ብለውጥ ሰው ምን ሆናችሁ ይላል፣ እኔ ደግሞ ሰው ጉዳዬን እንዲጠይቀኝ አልወድም። በዓል በመጣ ቁጥር ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እየሄድኩ ጉልበቷን ስሜ፣ ምሳዋን በልቼ፣ ስቃ ስታወራ ስቄ ተመልሻለሁ። ይቅር ብዬ አይደለም። ቦታዬን ላለመልቀቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ቀን በፊት እንደሷ የምወደው ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን አንኮበር ላይ ተረተር ቀሚስ የለበሰች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ቀሚሱ አረንጓዴ ነበር፤ ዳገቱን ስትወጣ ሽንሽኑ እየተከፈተና እየተዘጋ ሲሄድ እኛ ሕፃናቱ ከኋላዋ እንከተላለን። ጠጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት፤ እጇ ይጎትታል፣ ሳለቅስ ግን «ቁንጅና ቀላል መስሎሻል?» እያለች ከመቀነቷ ፈትታ ስኳር ታጎርሰኛለች። የመጀመሪያዬን ሸራ ጫማ የገዛችልኝም እሷ ናት። ነጭ ነበር። ሌሊቱን አቅፌው አደርኩ። ጫማው ጠቦኝ ተረከዜን ቢልጠኝም እስኪቀደድ ድረስ ጠበበኝ አላልኩም።

አንኮበርን ዛሬ ያየ ሰው ያችን አንኮበር አላያትም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ይነሣና ገደሉን እየዳሰሰ ይወጣል፤ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ከዚያ ቤቶቹን፣ በመጨረሻ ራሳችንን ይውጠናል። ጉሙ ውስጥ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። አህዮች ከአሊዩ አምባ ገበያ በርበሬና ጥጥ ጭነው ሲወጡ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው የበርበሬው ሽታ ነበር፤ ሁላችንም እናስነጥሳለን፣ ነጋዴዎቹም ከማዶ «ይማርሽ! ይማርህ!» እያሉ ሳያዩን ይመርቁናል። ከመንገዱ ጥግ አንድ ሱቅ ነበረ፤ ባለሱቁ ትራንዚስተሩን መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ባትሪው እንዳያልቅበትም አንድ ዘፈን አሰምቶ ይዘጋዋል። እኛ ልጃገረዶች ሁለተኛውን ዘፈን ለመስማት መርፌ ልንገዛ እንገባለን። ቤታችን ውስጥ ልብስ ከሚሰፋው ሰው ይልቅ መርፌው በዝቶ ነበር። በስሙኒ መሐረብ ሙሉ ቆሎ ይሸጥ የነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት የነገርኳቸው ይመስላቸዋል።

እናቴ ፋናዬ የዚያች ከተማ ሰው ናት፣ ግን ማንም የዚያች ከተማ ሰው አድርጎ አልቆጠራትም። እናት አባቷን ገና ሕፃን ሳለች አጥታ ያሳደገቻት አንዲት መነኩሲት ናት። መነኩሲቷ ስትሞት የእናቴን ዘር የሚያውቅ ሰው ሁሉ አብሯት ሞተ። አባቴ ወዷት አገባት። ቤተሰቡ ግን በሠርግ ቀን ይቆጠር የነበረውን አጥንት ከእሷ በኩል የሚቆጥር አጣ። አባቴ እስከ ሰባት ቤት ሲያስቆጥር፣ ከእሷ ወገን የተቀመጠችው መነኩሲት «የእግዚአብሔር ልጅ ናት» ብላ ዝም አለች ይባላል። አክስቴ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር። «እግዚአብሔር ስንተኛ ቤት ነው?» እያለች።

እናቴ መልስ አትሰጥም። ፈትል ትፈትላለች። እንደሷ ያለ ፈታይ አላየሁም፤ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን ስታሾረው ክሩ ከእጇ ሳይሆን ከራሱ ከአየሩ የሚወጣ ይመስላል። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ለሙታን ትጸልያለች፣ እኔም ከጎኗ ተኝቼ ስሞቹን እሰማ ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ መነኩሲቷን፣ በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወልደ ሰንበትን፣ ወለተ ጻድቅን»። ወልደ ሰንበትን አውቀው ነበር፤ የድንጋያችን ባለቤት ነው። ወለተ ጻድቅን ግን አላውቃትም። «ማናት?» ስላት «ዝም በይ፣ ጸሎት ላይ አይጠየቅም» አለችኝ።

ድንጋዩን ላላየ ሰው ልንገር። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ለልጅ ደረት ይደርሳል። ከላይ መስቀል አለው፣ ከመስቀሉ ሥር «ወልደ ሰንበት ነፍሱን ይማር» የሚል ጽሕፈት፣ ከጽሕፈቱ ሥር ደግሞ ወደ ላይ የሾለ ጦር ተቀርጾበታል፤ እየሰፋ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። ቤተሰባችን የሚለው እንዲህ ነው፤ የአባቴና የአክስቴ ቅድመ አያት የክርስትና ስማቸው ወልደ ሰንበት ነበር፣ ባለ ጦር ነበሩ፣ ወደ ቆላ ዘምተው ወደቁ፣ አስከሬናቸውን በቅሏቸው ያለ መሪ ተሸክማ አንኮበር አስገባች። እኔ በልጅነቴ ከሰውየው ይልቅ በቅሎዋን እወዳት ነበር። ከዚያ በኋላ የሞተው ዘመድ ሁሉ በድንጋዩ ዙሪያ ተቀበረ፤ ቦታው የእኛ ተባለ። አክስቴ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሰው ቀጥራ በድንጋዩ እግር ሥር አፈር ታስቆልል ነበር። «እንዳይወድቅ» ትላለች። እናቴ ደግሞ ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው መራቁን አይታ ድንጋዩን ትስማለች፤ ከመቀነቷም የጣት ጫፍ የምታህል ጥጥ አውጥታ ከአፈሩና ከድንጋዩ መካከል ትሸጉጣለች። ሌላው ሰው ጧፍ ያበራል፤ እሷ ጥጥ። አንድ ቀን ስጠይቃት መልሷ ያው ነበር። «ዝም በይ።»

እናቴ ከሞተች በኋላ አንኮበር አልተቀመጥኩም። ደብረ ብርሃን ሄድኩ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የክር ክፍል ገባሁ፣ እዚያው አግብቼ ወልጄ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ቤቴ በር ላይ ባጃጅ ይተራመሳል፣ ያኔ ገብስ የነበረበት ሜዳ ፋብሪካ ሆኗል፣ ማዶ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉት ሰዎች መጠለያ አለ። ብርዱ ብቻ ነው ያልተለወጠው።

ባለፈው ክረምት ከአንኮበሩ ደብር ሰበካ ጉባኤ ተደወለልኝ። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ዘመዶቼ አሁንም የሚያስቀድሱበት ነው። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የታችኛው አጥር ሊፈርስ ነው፣ አዳራሽ ይሠራበታል። እዚያ ያረፈ ሰው ካለዎት አጽሙን ያንሡ። ባለቤት ያልመጣለት በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል» አለኝ ልጁ። ስልኩን ዘጋሁ። እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ከማያውቋት ጋር ልትደባለቅ ነው። ማንሣቱን አነሣታለሁ፤ ግን ወዴት? ደብረ ብርሃን ወስጄ ፉካ ላስገባት? እሷ የምትፈልገው ቦታ አንድ ነበር፤ ከባሏ ጎን። ለዚያ ደግሞ ፈቃጇ የቤተሰቡ ታላቅ የሆነችው ያችው አክስቴ ናት። ዘጠናን አልፋለች ይሏታል። ዓይኗ ደክሟል፤ አፏ አልደከመም።

ሄድኩ። መደቧ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ሳምኩ።

«ማነሽ? ጥሩዬ ነሽ? ከሳሽ።»

«ሳታዪ በምን አወቅሽ እታለም?»

«ስትስሚኝ አጥንትሽ ወጋኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት። ሳቋ ቆመ።

«ያኔ ብያለሁ እኮ» አለች። «ከአጥንቷ እዚያ ያረፈ ሰው ካለ ጥሪና ትግባ። እኔ በቃሌ ነኝ።»

«ሙታን እንዴት ይጠራሉ?»

«እንግዲያስ እንደማይጠሩ ካወቅሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

በዚያ ንዴት ወደ ደብሩ ወጣሁ። የቀብር መዝገብ የሚይዙት መሪጌታ ኅሩይ ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቆ ሳቃቸው የቀረ ሽማግሌ። የእናቴን ወገን እየፈለግኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። «የክርስትና ስማቸውስ?» አሉኝ፤ መዝገቡ የሚያውቀው በክርስትና ስም ብቻ ነው። እናቴ ስትጸልይ የሰማሁትን ሁለት ስም ነገርኳቸው።

«ወልደ ሰንበት?» ብለው መዝገቡን ሳይከፍቱ ሳቁ። «ልጄ፣ ይህ ደብር በወልደ ሰንበት የተሞላ ነው። ቆፋሪው ወልደ ሰንበት፣ ደዋዩ ወልደ ሰንበት፣ እኔም ራሴ ወልደ ሰንበት ነኝ። ስሙን ስትጠሪ ዲያቆናቱ ሁሉ አቤት ይሉሻል።»

እኔም ሳቅኩ፣ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። በአንድ ደብር ይህን ያህል ወልደ ሰንበት ካለ፣ የእኛ ድንጋይ የአባቴ ቅድመ አያት መሆኑን ማን ነገረን? እናቴስ የባሏን ቅድመ አያት በየማታው በሹክሹክታ የምትጠራው ለምንድን ነው? የአማቾቿን ሙታን ጮክ ብላ ብትጠራ ማን ይከለክላታል?

ድንጋዩ በዚያ ክረምት ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ነበር። ሰበካ ጉባኤው የዘመሙትን ድንጋዮች ሁሉ ነቅለው በሲሚንቶ እንዲያቆሙ ሠራተኞች አምጥቶ ስለነበር፣ የእኛም ተራ ደረሰ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ አለች። የልጆቿ ልጆች በወንበር ተሸክመው አመጧት፣ ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጠዋት ወደ ጠላ ቤት ሄዱ። እኔና መሪጌታ ቀድመን ቆመን ነበር።

«አትንቀሉት!» አለች ለሠራተኛው። «አፈሩን ሳትነኩ ሲሚንቶውን ከላይ አፍስሱበት።»

«አይይዝም፣ እማማ» አላት ሠራተኛው። ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ የሚኖር። «ሥሩ ካልታየ መልሶ ይወድቃል።»

«እኔ ስንት ዓመት ይዤዋለሁ!»

ሰውየው ወደ እኔ ተመለከተ። «ንቀለው» አልኩት። አክስቴ ወንበሯን በእጇ ደበደበች፣ ነገር ግን መሪጌታም ንቀለው አሉ። አፈሩን ዛቀው፤ የስንት ዓመት ቁልል ነበር። ድንጋዩን ከጓደኛው ጋር አጋድመው አስተኙትና በውኃ አጠቡት። ከዚያ ሰውየው ላቡን እየጠረገ «እናንተስ ታድላችኋል» አለኝ። «የምታነሡት አጽም አላችሁ። እኔ እናቴን የቀበርኩበት ላይ ዛሬ ማን እንደሚያርስ አላውቅም።» ጉሙ እየገባ ስለነበር ጋቢዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት። ውኃ ሊጠጡ ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ መሪጌታም ለጸሎቱ መጽሐፍ ሊያመጡ ገቡ። እኔና አክስቴ ከድንጋዩ ጋር ቀረን።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጦሩ እጀታ የለውም። እየሰፋ ወርዶ መልሶ ይጠብና ታች ላይም ይሾላል። ከመሐሉ ረዘም ያለ ጎድጓዳ ተቀርጿል፣ በጎድጓዳው ውስጥ ቀጭን ዘንግ ጋድሟል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ዕቃ ነው። መወርወሪያ ነው፤ ሸማኔ ማጉን ከድሩ መሐል የሚወረውርበት፣ ቀሰሙ ከነክሩ መሐሉ የሚቀመጥበት። ከመወርወሪያው ሥር ደግሞ አንድ መሥመር ጽሕፈት አለ፤ «ያሠራችው ልጁ ወለተ ጻድቅ»።

እናቴ ማታ ማታ የምትጠራቸው አያቷና እናቷ ነበሩ፤ ማን እንደ ነበሩ መነኩሲቷ ሳትሞት ነግራታለች ማለት ነው።

ለዛሬ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። በዚያ ዘመን ግን ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ባለእጅ ይባል ነበር፤ ሸማውን የለበሰው ሰው ሸማኔውን ይጸየፈዋል፣ ልጁን አያገባም፣ ያገባም እንደሆነ ይፈታል። እናቴ አፏን ከፍታ «አጥንቴ ይኸውላችሁ» ብትል ባሏንም እኔንም ታጣለች። ስለዚህ ጥጥ ሸጎጠች።

«ምን አገኛችሁ?» አለች አክስቴ።

እጇን ያዝኩና ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩት። ጣቶቿ ከላይኛው ሹል ወረዱ፣ ጎድጓዳውን ዳሰሱ፣ ታችኛው ሹል ላይ ቆሙ።

«እታለም፣ ጦር በሁለት በኩል ይሾላል?»

ጣቷ ወደ ጎድጓዳው ተመለሰ።

«መሐሉ ላይስ ቀሰም ይገባበታል?»

«ዝም በይ» አለች። እንደ እናቴ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

እጇን ከድንጋዩ አላነሣችም። «ጥጡን ስትሸጉጥ ካየኋት ቀን ጀምሮ። ከዚያ በፊት እኔም ጦር ነበር የሚመስለኝ፤ የፈጠረኝ ያውቃል። ሰው ሲሄድ አፈሩን ቧጥጬ አየሁት። መልሼ አለበስኩት። በየዓመቱ አለበስኩት።»

«ቅድመ አያታችንስ?»

«የት እንደ ወደቁ ማን ያውቃል? በቅሎዋ የመጣችው ባዶዋን ነው።»

በልጅነቴ ያን ያህል የወደድኳት በቅሎ!

«እናቴን ለምን ወደ አጥሩ ሰደድሻት?»

«እዚህ ቢቆፍሩ አፈሩ አይናድም ነበር? አገሩ ሁሉ ቆሞ እያየ?» ድምፅዋ ከፍ አለና መልሶ ወረደ። «አንቺን ማን ያገባሽ ነበር፣ የባለእጅ ዘር ተብለሽ? የእኔንስ ሴቶች ልጆች፣ በሸማኔ ቦታ አያቶቻቸውን የቀበሩ ተብለው? እሷ ሞታለች። እናንተ ነበራችሁ።»

ይህን እንደ ውለታ አልቆጠርኩላትም፤ ዛሬም አልቆጥርላትም። እናቴ የእኛን ስም ከአያቷ ቦታ ተባርራ ጠበቀችልን፤ አክስቴ ግን የራሷን ኩራት በእናቴ አስከሬን ላይ ቆማ ነው የጠበቀችው። ግን ያችን ነጭ ሸራ ጫማም አስታወስኩ። ሁለቱም ያው እጅ ነው።

«ሲገርም» አልኳት። «ይህን ሁሉ ደብቀሽልኝ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ፋብሪካ ውስጥ ክር ሳስኬድ ኖርኩ።»

ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀች ነው። «አጥንትሽ ነዋ!» አለች። «አጥንት የት ይሄዳል!»

እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ «እናቴ እዚህ ትገባለች» አልኳት።

«ትግባ።»

«ለልጆችሽ ንገሪያቸው።»

«እነግራለሁ። እኔ ፈቀድኩ እላለሁ። ይህን ግን...» ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ «በሕይወት እስካለሁ አፍሽን ያዢልኝ።»

«በሕይወት እስካለሽ» አልኩ።

ሠራተኞቹ ሲመለሱ ድንጋዩን ያለ ሲሚንቶ እንዲያቆሙትና አፈሩን እንዲመልሱት ነገርኳቸው። ሲሚንቶው ይቆየኝ አልኩ። እናቴን በማግስቱ ከአጥሩ ጥግ አነሣናት። መሪጌታ ደገሙላት፤ በአባቴና በድንጋዩ መካከል ገባች። አክስቴ ወንበሯ ላይ ሆና «ፋናዬ፣ ፋናዬ» እያለች ከሁሉ ሰው በላይ አለቀሰች። ሰዎች እንዴት ያለ ፍቅር ነው ተባባሉ።

አክስቴ ከፋሲካ በኋላ ሞተች። ልጆቿ ከድንጋዩ ግራ አስቆፈሩላት፤ እኔም አልከለከልኩም። በሸማኔው ቦታ ተቀበረች። አርባዋ ሲወጣ ያንን የወለጋ ሰው ይዤ ወደ አንኮበር ሄድኩ። ድንጋዩን ነቅሎ ከፍ አድርጎ በሲሚንቶ አቆመው፤ መወርወሪያው ከነሁለት ሹሉ ከአፈር በላይ ነው፣ የወለተ ጻድቅም ስም ይነበባል። ከሥሩ ትንሽ ጥጥ አስቀመጥኩ። ቤቴ ገባሁና ይህን ጻፍኩ።